«ባሮሜትር» ምን ማለት ነው? ቃሉን ፈትቶ መሣሪያውን በደጋ አገር ማንበብ

ከአውሮፓ የመጣ ዘመድ በስጦታ ያመጣልን ክብ የናስ ባሮሜትር አዲስ አበባ በሚገኘው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ዕለት፣ ቀስቱ ወደ ግራ ሄዶ «ማዕበል» የሚለውን ጽሑፍ አልፎ ቁጥር ከሌለበት ባዶ ስፍራ ላይ ቆመ። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ሰማዩም አንድ ደመና የማይታይበት ብራ። በማግስቱም በወሩም ቀስቱ ከዚያው ሳይነቃነቅ ስለቀረ፣ ዕቃው በጉዞ ላይ ተበላሽቷል ተብሎ ተፈረደበትና የግድግዳ ጌጥ ሆነ። ፍርዱ ስሕተት እንደነበረ የገባኝ ከዓመታት በኋላ የስሙን ትርጉም ሳነብ ነው። መሣሪያው ምን እንደሚለካ በገዛ ስሙ ላይ ተጽፎ ሳለ ከቤቱ ሰው አንዳችንም አላነበብነውም ነበር።

ይህ ጽሑፍ «ባሮሜትር» የሚለውን ቃል ፈትቶ፣ ከፍቺው በመነሣት መሣሪያውን ወይም በብዙ ዘመናዊ ስልኮች ውስጥ የሚገኘውን አነስተኛ ባሮሜትር ከፍ ባለ አገር እንዴት ማንበብ እንደሚቻል ያስረዳል። ቃሉን ያስቀደምኩት የንባብ ስሕተቶች አብዛኞቹ ፍቺውን ከመዘንጋት የሚመጡ ሆነው ስላገኘኋቸው ነው።

ቃሉን መፍታት

ባሮሜትር ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው፤ «ባሮስ» ክብደት ማለት ሲሆን «ሜትሮን» ደግሞ መለኪያ ማለት ነው። ሁለተኛውን ከቴርሞሜትርና ከኪሎ ሜትር ስለምናውቀው አያስቸግርም። የመጀመሪያውም ቢሆን ዘመዶቹን እያየን ቆይተናል፤ ወፍራም የወንድ ድምፅ «ባሪቶን» የሚባለው፣ «ባሪየም» የተባለውም ንጥረ ነገር ስሙን ያገኘው ከዚሁ የክብደት ሥር ነው። በአየር ሁኔታ ካርታ ላይ እኩል ግፊት ያላቸውን ስፍራዎች የሚያገናኘው መስመር «ኢሶባር» ሲባል «እኩል ክብደት» እንደማለት ነው። የግፊት መለኪያው «ባር»ም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ሲሆን፣ ከመጠጥ ቤቱ ባርም ሆነ ከጋምቤላው ባሮ ወንዝ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

እንግዲህ ባሮሜትር ቃል በቃል ሲፈታ የእህል ነጋዴው ከፊቱ ከሚያስቀምጠው ሚዛን የተለየ ትርጉም የለውም፤ የክብደት መለኪያ ነው። ልዩነቱ በሚመዘነው ነገር ላይ ነው፤ ይህ ሚዛን የሚመዝነው መሣሪያው ካለበት ስፍራ ጀምሮ ወደ ላይ አየር እስከሚያልቅበት ድረስ የተከመረውን አየር በሙሉ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ ራሱ ሊደርስበት ይችላል። ከፍ ባልን ቁጥር ከበላያችን የሚቀረው አየር ያንሳልና ሚዛኑ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ወደ ቆላ ስንወርድ ደግሞ የተውነው አየር ተመልሶ ይጫነናል። የሳሎናችን ቀስት ሲነግረን የነበረውም ይህንኑ ነው፤ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላችሁ ስለምትኖሩ ከበላያችሁ ያለው አየር ጥቂት ነው እያለ ነበር።

በአማርኛ የምንጠቀምበት «ግፊት» የሚለው ቃል በሌላ መንገድ የመጣ ነው። «ገፋ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ግሡም ብዙ ሥራ ያለበት ነው፤ ሰው በሩን ይገፋል፣ ሴት ወተት ትገፋለች፣ ሌሊቱ ይገፋል፣ ኑሮም ይገፋል። በግእዝ «ገፍዐ» በደለ፣ አስጨነቀ ማለት ስለሆነ «ግፍ» የሚለው ቃልም ከዚያ መጥቷል። በሁሉም ውስጥ ገፊና ተገፊ አሉ፤ ኃይሉም ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ይሄዳል። «የአየር ግፊት» ስንል ታዲያ ነፋስ ፊታችንን ሲመታን ዓይነት ነገር በአእምሯችን ይመጣል። ግሪኩ ቃል በበኩሉ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚጫን ሸክም ያስመስለዋል። እንደ እኔ ሁለቱም ቃላት እኩሌታውን እውነት ብቻ ይዘዋል፤ መነሻው ክብደት ነው፣ የሚደርሰን ግን ከላይም ከታችም ከጎንም እኩል የሚገፋ ኃይል ሆኖ ነው።

(ነገራችንን ሳንለቅ፣ «አየር» ራሱ በግእዝ በኩል ከግሪክ የገባ ቃል ነው። የአገሩ ቃል «ነፋስ» ነው፤ የጎማ ሠራተኛው ዛሬም «ነፋስ ልሙላ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።)

ክብደቱ ምን ያህል እንደሆነ በዓይን ለማየት የእንጀራ ምጣድ በቂ ነው። የምጣዱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ከላዩ ያረፈው አየር ሃያ ሁለት ኩንታል ያህል ይመዝናል። ያው ምጣድ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን ሃያ ዘጠኝ ኩንታል ግድም በተሸከመ ነበር። ምጣዱ የማይሰነጠቀው ከሥሩ ያለውም አየር በዚያው መጠን ወደ ላይ ስለሚደግፈው ነው፤ «ባሮስ» የሚለው ቃል የተወውን እኩሌታ «ግፊት» የሚሞላውም እዚህ ላይ ነው።

መሣሪያው ከስሙ ይቀድማል

ቃሉ ግሪክ ይሁን እንጂ ጥንታዊ ግሪኮች አያውቁትም፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ከግሪክ ቁራጮች የገጠሙት አዲስ ቃል ነው። በእንግሊዝ ይሠራ የነበረው ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ በጽሑፎቹ ተጠቀመበት፣ ከዚያም ተስፋፋ። መሣሪያው ግን በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት ያህል አልፎት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከውኃ ጉድጓድ ነው። በጣሊያን አገር የጉድጓድ ሠራተኞች በመሳብ የሚሠራ ፓምፕ ውኃን ከአሥር ሜትር ገደማ በላይ እንደማያወጣ ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱን ግን የሚነግራቸው አልነበረም። የጋሊሊዮ ተከታይ የነበረው ኤቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ ፓምፑ ውኃውን አይስበውም፣ ከውጭ ያለው አየር በክብደቱ ተጭኖ ወደ ላይ ያስወጣዋል እንጂ ሲል አሰበ። ይህ እውነት ከሆነ ከውኃ 13.6 እጥፍ የሚከብደው ባዜቃ (ሜርኩሪ) የሚወጣው በዚያው ልክ አጥሮ መሆን አለበት። አንድ ጫፉ የተደፈነ ረጅም የመስታወት ቱቦ በባዜቃ ተሞልቶ፣ አፉ በጣት ተይዞ፣ ባዜቃ ባለበት ገበቴ ውስጥ ሲገለበጥ ፈሳሹ ወርዶ ወርዶ 76 ሳንቲ ሜትር ግድም ላይ ቆመ። ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1644 ሮም ለሚገኘው ወዳጁ ለሪቺ በጻፈው ደብዳቤ፣ የሰው ልጅ የሚኖረው በአየር ባሕር ግርጌ ሰጥሞ እንደሆነ፣ አየርም ክብደት እንዳለው ገለጠ።

ይህ የጉድጓድ ነገር ዛሬም ለአንባቢ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ከጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ውኃ የሚስብ ሞተር ለመግዛት ካሰቡ፣ የውኃውን ጥልቀት አስቀድመው ይለኩ። በባሕር ጠለል ላይ አሥር ሜትር የነበረው ወሰን እዚህ ወደ 7.8 ሜትር ይወርዳል፤ ይህም በሒሳብ ብቻ የሚገኝ የመጨረሻ ልክ ስለሆነ በሥራ ላይ ከዚያ ያነሰ ነው የሚገኘው። ውኃው ከዚያ ከጠለቀ የሞተሩ ጉልበት ቢጨመር ለውጥ የለውም፤ ከታች ገብቶ የሚገፋ ጠላቂ ፓምፕ ያስፈልጋል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ክብ መሣሪያ ባዜቃ የለበትም። ፈረንሳዊው ሉሲየን ቪዲ እ.ኤ.አ. በ1844 የሠራው ዓይነት ሲሆን «አኔሮይድ» ይባላል፤ ይህም ከግሪክ «ያለ እርጥበት»፣ ማለትም ፈሳሽ የሌለው ማለት ነው። በውስጡ አየሩ የወጣለት ስስ የብረት ቆርቆሮ አለ፤ የውጭው አየር ሲከብድ ቆርቆሮው ይጨመቃል፣ ሲቀል ይነፋል፣ ያችን ቅንጣት እንቅስቃሴ ምሳርና ሰንሰለት አጉልተው ለቀስቱ ያደርሱታል።

መሣሪያውን ማንበብ

በመጀመሪያ በፊቱ ላይ የተጻፉትን «ማዕበል»፣ «ዝናብ»፣ «ተለዋዋጭ»፣ «ብራ» የሚሉትን ቃላት ይተዋቸው። እነዚህ የተጻፉት በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር አውሮፓዊ ነው። ቁጥሮቹን ይመልከቱ፤ አብዛኞቹ የቤት ባሮሜትሮች ከ960 እስከ 1060 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ያለውን ብቻ ያሳያሉ። የአዲስ አበባ አየር 770 ገደማ፣ የራስ ዳሽን ጫፍ ደግሞ ከ600 በታች ስለሆነ ቀስቱ ከሰሌዳው ቢወጣ አይደንቅም። ከመሣሪያው ጀርባ ትንሽ ማስተካከያ ብሎን አለ፤ ቀስቱን ከሩቅ ለማምጣት ብሎኑን በኃይል ማዞር ግን ምሳሩን ያበላሸዋልና አይሞክሩት። ለደጋ አገር ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ካልሆነ በስተቀር እንዲህ ያለውን ዕቃ በተገቢው ስፍራ ለሚኖር ዘመድ፣ ለምሳሌ ስቶክሆልም ወይም ቴል አቪቭ ላለው፣ መልሶ መስጠት ይሻላል።

በዚያ ያሉት ዘመዶች የሚያነቡት እንዲህ ነው። ብሎኑን በአካባቢው የአየር ትንበያ የተነገረው ቁጥር ላይ አንድ ጊዜ ያስተካክላሉ። በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት መስታወቱን በጣት ጥፍር ቀስ አድርገው ይነካሉ፤ ይህም የደረቀው ምሳር የያዘውን ቀስት ይለቀዋል። ከዚያ በመስታወቱ መካከል ባለው ጉብ ሁለተኛውን፣ ራሱ የማይንቀሳቀሰውን የናስ ቀስት ከጥቁሩ ቀስት ላይ ያሳርፉታል። በማግስቱ ሁለቱ ቀስቶች ምን ያህል እንደተራራቁና ጥቁሩ ወደየት እንደሄደ ማየት ነው። ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱ ይናገራል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፈጥኖ ከወረደ ነፋስና ዝናብ ተከትለው ይመጣሉ። ዋሽንግተን ያለ ሰው ትንበያውን የሚሰማው በባዜቃ ኢንች ስለሆነ 30 ኢንች ሲባል ወደ 1016 ሄክቶፓስካል መሆኑን ይያዝ።

መለኪያዎቹ ብዙ ቢመስሉም የሚያስፈራ ነገር የለባቸውም። ሄክቶፓስካልና ሚሊባር በመጠን አንድ ናቸው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው። «ፓስካል» እ.ኤ.አ. በ1971 የግፊት መለኪያ ስም ሆኖ የጸደቀው ለፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል መታሰቢያ ነው። በባዜቃ ሚሊ ሜትር የተሰጠ ቁጥር በ1.333 ሲባዛ ሄክቶፓስካል ይሆናል። ሐኪም «120 በ80» የሚለን የደም ግፊትም የሚለካው በዚሁ የቶሪቼሊ ባዜቃ ሚሊ ሜትር ነው።

የደም ግፊቱም የጎማውም ቁጥር ግን ከባሮሜትሩ በአንድ ነገር ይለያል፤ መነሻቸው ዜሮ አይደለም፣ በዙሪያችን ያለው አየር ነው። ጎሚስታው ጋ ሄደው «32 ሙላልኝ» ሲሉ፣ ያ 32 (የጎማ መለኪያው በሚቆጥርበት በፒ.ኤስ.አይ.) ከውጭው አየር በላይ ያለው ትርፍ ብቻ ነው። ተንፍሶ ሪሙ መሬት የነካ ጎማ በመለኪያው ዜሮ ቢያሳይም በውስጡ የአዲስ አበባ 770 አለ። በመሆኑም ሙቀቱን ለጊዜው ብንተወው፣ አዲስ አበባ 32 የተሞላ ጎማ ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ አንድም ነፋስ ሳይወጣው 28 ተኩል ግድም ያሳያል፤ ትርፉ የቀነሰው የውጭው አየር ስለከበደ ነው። ከመንገዱ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ምስክር ቢፈልጉ፣ አዲስ አበባ ጠጥተው ባዶውን ጥብቅ አድርገው የከደኑትን የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ አዋሽ ሲደርሱ ይመልከቱት፤ ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨምድዶ ያገኙታል።

የስልኩና የትንበያው ጠብ

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ስልኮች ባሮሜትር አላቸው፤ አይፎን ከ2014 የአይፎን 6 ሞዴል ጀምሮ ይዞታል፣ ከሌሎችም ወደድ የሚሉት ብዙዎቹ አላቸው። የባሮሜትር መተግበሪያ ጭነው ቢከፍቱ አዲስ አበባ ላይ 771 ይላል እንበል። በዚያው ስልክ የአየር ትንበያውን ሲከፍቱ ደግሞ 1023 ይልዎታል። አንዱ ዋሽቷል? አልዋሸም። ስልኩ በእውነት የመዘነውን ተናገረ፤ ትንበያው ግን አዲስ አበባ ባሕር ጠለል ላይ ብትሆን ኖሮ ይሆን የነበረውን በሒሳብ ጨምሮ ነገረዎት። ደሴና ባሕር ዳር፣ ጋምቤላና ድሬዳዋ በአንድ ካርታ ላይ እንዲወዳደሩ ሁሉም ወደ አንድ ከፍታ መመለስ አለባቸውና አሠራሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በእኛ ከፍታ ላይ የሚጨመረው 250 ያህል ስለሆነ፣ ከቁጥሩ ሩቡ በሌለ አየር ክብደት የተሞላ ግምት መሆኑን ማወቅ ተገቢ ነው። ስለ አካልዎ፣ ስለ ጎማዎ፣ ስለ ፓምፕዎ ወይም ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ (በአዲስ አበባ ወደ 92 ነው) ሲያስቡ 771ን ይያዙ፤ ካርታ ሲያነቡ 1023ን።

ስልኩን ለሁለትና ሦስት ቀን ከተከታተሉት ሌላ አስገራሚ ነገር ያያሉ። በእኛ አካባቢ ግፊቱ በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ ፀሐይ የላይኛውን አየር በማሞቅ የምታስነሣው የአየር ሞገድ ነው። ከፍ የሚለው ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ዝቅ የሚለው ከቀኑ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር «4 ሲወጣ 10 ሲወርድ» ብሎ ለመያዝ ይመቻል፤ ፈረንጅ በራሱ ሰዓት ሲናገረው ተገልብጦበት 10 ሲወጣ 4 ሲወርድ ይሆንበታል። ልዩነቱ ሦስት ሄክቶፓስካል ያህል ነው። አውሮፓ ላይ ሦስት መውረድ ትንሽ ነገር ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን ቀን በቀን ከሚመጣው ለውጥ ይበልጣል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ወረደ ብለው ልብስ ከገመድ ለማንሣት አይሩጡ፤ የዛሬውን 10 ሰዓት ከትናንቱ 10 ሰዓት ጋር ብቻ ያስተያዩ።

በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ መፈተን

ፍቺውን በራስ እጅ ለማረጋገጥ ፓስካል ያሠራውን ሙከራ መድገም ይቻላል። አማቹ ፍሎረን ፔሪዬ እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1648 በመካከለኛው ፈረንሳይ ከክሌርሞን ከተማ ተነሥቶ ፑዊ ደ ዶም የተባለውን 1,465 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ የባዜቃ ቱቦ ይዞ ወጣ። ከላይ ሲለካ ፈሳሹ ስምንት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል አጥሮ አገኘው። ብልህነቱ ግን በወጣው ቱቦ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ከታች በገዳሙ ግቢ ሌላ ቱቦ አስቀምጦ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው አድርጎ ነበር። ይህ ባይሆን ኖሮ ለውጡ ከተራራው ይሁን ከዕለቱ አየር ማንም መለየት ባልቻለ ነበር።

እርስዎም ባሮሜትር ያላቸው ሁለት ስልኮች ይፈልጉ። ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ከሆነ አንዱን ምድር ቤት በራፍ ላይ ከጎረቤት ጋር ይተዉት፤ ጎረቤትዎም በየአምስት ደቂቃው ቁጥሩን ከነነጥቡ ይጻፍ። የሁለቱ ስልኮች ንባብ በአንድ ስፍራ ላይም እኩል ላይሆን ይችላልና ከመለያየታችሁ በፊት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ልዩነታቸውን መዝግቡ። ከዚያ ሌላውን ይዘው ደረጃውን ይውጡ። በአዲስ አበባ ከፍታ አሥራ አንድ ሜትር በወጡ ቁጥር አንድ ሄክቶፓስካል ይወርዳል፤ በባሕር ጠለል ላይ ስምንት ሜትር ከግማሽ ገደማ ይበቃ ነበር፣ የእኛ አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ ነው። በየፎቁ ቆመው ሲያዩ ከነጥቡ በኋላ ያለው አኃዝ ሁለትና ሦስት እያለ ይቀንሳል፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ አንድ ሙሉ ቁጥር ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ወርዶ ያገኙታል። በመኪና የመሄድ ዕድል ካለ ከቦሌ ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጡ ልዩነቱ ከሃምሳ ያልፋል፤ ጆሮዎን የሚደፍነውም ይኸው ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱም እንዲሁ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ።

ሲመለሱ ስልኩን እንደገና ከጎረቤትዎ ስልክ አጠገብ ያስቀምጡት። የእርስዎ ቁጥር ወደ መነሻው ካልተመለሰ የጎረቤትዎን ወረቀት ይመልከቱ። እርሱ ከአንድ ስፍራ ሳይነቃነቅ በተቀመጠበት ቁጥሩ በነጥብ ሁለት (0.2) ወርዶ ከሆነ፣ ያን ነጥብ ሁለት ከእርስዎ ልዩነት ላይ ይቀንሱ፤ ሰዓቱ ወደ 10 እየተቃረበ ነበር ማለት ነው።